ለክፉ ቀን የሚሆን የቤት ማህደር፦ ዲጂታል ሰነዶችን ለትዳር አጋር አዘጋጅቶ የማስቀመጥ ዝርዝር መመሪያ

የቤቱ ወጪ፣ የባንክ ሂሳቡ፣ የልጆቹ የትምህርት ቤት ክፍያ፣ የመብራቱ ቢል፣ የዕድር መዋጮው ሁሉ በአንድ ሰው ስልክ የሚያልፍበት ቤት ብዙ ነው። ያ ሰው ድንገት ታሞ ቢተኛ፣ አደጋ ቢደርስበት ወይም ቢሞት፣ የትዳር አጋሩ በድንጋጤ መሃል ሆኖ የሚገጥመው የመጀመሪያው እንቅፋት የተቆለፈ ስክሪን ነው። ድሮ ቁልፉ የጠፋ ሳጥን በአናጢ ይከፈት ነበር። የዛሬው ስልክ ግን ያለ መክፈቻ ቁጥሩ ባለሙያ ጋ ቢወሰድም በውስጡ ያለውን እንዳይሰጥ ታስቦ የተሠራ ነው።

ይህ ነገር ሲነሳ ብዙ ሰው ወዲያው የሚያስበው ሰነድ ስካን አድርጎ ፍላሽ ላይ መገልበጥን ነው። መገልበጡ ያስፈልጋል፤ እንደርስበታለን። ቤተሰብን በተግባር የሚያስጨንቀው ግን ከፋይሉ መጥፋት ይልቅ የመግቢያው መጥፋት ነው። ፋይሉ ጉግል ድራይቭ ላይ በደህና ተቀምጧል፣ ገብቶ የሚያወጣው ሰው የለም። የቤቱ ካርታ ተቀድቷል፣ የተቀዳበት ላፕቶፕ አይከፈትም። ስለዚህ የምንጀምረው ከስልክና ከሲም ካርድ ነው፤ ቀጥሎ ኢሜይል፣ ከዚያ በኋላ ሰነዱ ይመጣል። ቅደም ተከተሉን ጠብቁ። ጊዜ አጥሯችሁ ግማሹን ብቻ ብትሠሩ እንኳ ይበልጥ የሚጠቅመው የመጀመሪያው ግማሽ ነው።

ወሬውን ማንሳት

"እኔ ብሞት" ብሎ የጀመረ ሰው "ኧረ አታሟርት፣ ክፉ አይንካህ" ይባልና ነገሩ እዚያው ይቀራል። ስለዚህ ከሞት አትጀምሩ። "ስልኬ ነገ ታክሲ ውስጥ ቢሰረቅ ምን እናደርጋለን?" ብላችሁ ጀምሩ። ጥያቄው እውነተኛ ነው፤ ለስርቆት የሚደረገው ዝግጅት ለሆስፒታልም ለሞትም ከሞላ ጎደል ያው ነው። ደግሞ ሁለታችሁም አዘጋጁ። አንዱ ብቻ ሚስጥሩን ሰጪ፣ ሌላው ተቀባይ ከሆነ ነገሩ ቁጥጥር መምሰል ይጀምራል።

በግልጽ መባል ያለበት ሌላም ነገር አለ። የትዳር አጋሩን የሚፈራ፣ ስልኩ እየተበረበረ የሚዛትበት ወይም የሚደበደብ ሰው ከዚህ በታች ያለውን ለትዳር አጋሩ ማድረግ የለበትም። ለእህት፣ ለወንድም ወይም ለሚያምነው ጓደኛ ያድርገው።

አንደኛ፦ ስልኩና ሲም ካርዱ

የማውቃት አንዲት እናት ባሏ ባረፈ በሳምንቱ ስልኩ እጇ ላይ ነበር። ለቀስተኛ እየደወለ ይጮኻል፤ ጥሪውን ማንሳት ትችላለች፣ ስልኩን መክፈት ግን አትችልም። ልጇ ሲሙን አውጥቶ በራሱ ስልክ ውስጥ ሲከተው የሲም ፒን ጠየቀው። የልደት ዓመት ሞከሩ። የመኪናውን ሰሌዳ ቁጥር ሞከሩ። ሦስተኛውን ሲሞክሩ ሲሙ ተቆለፈና ፒዩኬ የሚባለውን ረጅም ቁጥር ጠየቀ። ሲሙ ተለጥፎበት የመጣው ፕላስቲክ ካርድ ቢቀመጥ ኖሮ ቁጥሩ እዚያ ላይ ታትሞ ይገኝ ነበር፤ እሱ ደግሞ የተጣለው ሲሙ የተገዛ ዕለት ነው።

የሲም ፒን በተከታታይ 3 ጊዜ ከተሳሳተ ፒዩኬ ይጠየቃል፤ ፒዩኬው 10 ጊዜ ከተሳሳተ ሲሙ ከዚያ በኋላ አይሠራም። ሲም ካርዱን ከሁሉ ያስቀደምኩት ዛሬ አብዛኛው በር የሚከፈተው በስልክ ቁጥር ስለሆነ ነው። ቴሌብር ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ የብዙ ቤት የኪስ ቦርሳ ሆኗል፤ እሱም፣ የባንክ አፑም፣ ቴሌግራምም፣ የፋይዳ መታወቂያም የማረጋገጫ ቁጥር የሚልኩት በተመዘገበው ስልክ ላይ ነው። ሲሙ የሌለው ቤተሰብ የይለፍ ቃሉን ሁሉ ቢያውቅም እንኳ በብዙ ቦታ ደጅ ይቀራል።

ስለዚህ ዛሬውኑ እነዚህን አድርጉ።

የስክሪን መክፈቻውን ቁጥር ወረቀት ላይ ጻፉ። "የእሷም አሻራ ተመዝግቧል" ብላችሁ አትዘናጉ። የሁለታችሁን አሻራ ማስመዝገቡ ለዕለት ተዕለት ይመቻል፤ ነገር ግን ስልኩ ባትሪ ጨርሶ ጠፍቶ ሲበራ አሻራም ፊትም አይቀበልም፤ መጀመሪያ ቁጥሩን ነው የሚጠይቀው። በመስመር ስዕል የምትከፍቱ ከሆነ ዘጠኙን ነጥብ ወረቀት ላይ ሥሉና የጣታችሁን መንገድ ከመነሻው እስከ መድረሻው በተራ ቁጥር ምልክት አድርጉበት። ለሌላ ሰው በቃል አይገባውም። አይፎን የያዛችሁ ደግሞ ከ10 የተሳሳተ ሙከራ በኋላ ስልኩ በውስጡ ያለውን ሁሉ እንዲሰርዝ የሚያደርገው ምርጫ ክፍት መሆን አለመሆኑን እዩ፤ ክፍት ከሆነ ባለቤታችሁ እየገመተ እንዳይሞክር ወረቀቱ ላይ አስጠንቅቁት።

የሲም ፒኑን ከስክሪን መክፈቻው ለይታችሁ ጻፉ። ፒዩኬ የተጻፈበት ካርድ ካለ ይህ ሁሉ ወረቀት አብሮ ወደሚቀመጥበት ፖስታ ይግባ። ከጠፋ ሲሙ የተመዘገበበት ሰው መታወቂያውን ይዞ አገልግሎት ማዕከል ሄዶ ይጠይቅ።

ሲሙ በማን ስም እንደተመዘገበ አረጋግጡ። ይህን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ከዓመታት በፊት በወንድም፣ በአሠሪ ወይም በቀድሞ ጓደኛ ስም የወጣ ሲም ላይ የባንክ ሂሳቡንና ቴሌብሩን የመሠረተ ሰው ጥቂት አይደለም። ሲሙ ሲጠፋ ምትክ የሚሰጠው ለተመዘገበው ሰው ነው። በስማችሁ ካልሆነ የስም ዝውውሩን በጤናችሁ ቀን ጨርሱ።

ክፉው ቀን ከመጣ በኋላ ደግሞ ሲሙን ለማዘጋት አትቸኩሉ፤ አንዳንድ ዘመድ "ሰው እንዳይደውል" ብሎ ይመክራል። ሂሳቡ፣ ሰነዱና ፎቶው እስኪሰበሰብ ቁጥሩ መሥራት አለበት። አልፎ አልፎ ካርድ ሙሉበት፣ ደውሉበት፤ ለረጅም ጊዜ ያልተነካ ቁጥር ተወስዶ ለሌላ ሰው ይሰጣልና።

እግረ መንገዳችሁን የአደጋ ጊዜ መረጃውንም ሙሉ። አይፎን ላይ ሄልዝ በሚለው አፕ ውስጥ፣ አንድሮይድ ላይ በሴቲንግ ውስጥ ሴፍቲ ኤንድ ኢመርጀንሲ በሚለው ሥር ይገኛል። የደም ዓይነት፣ የመድኃኒት አለርጂና የባለቤታችሁ ስልክ ቁጥር ስክሪኑ ሳይከፈት ለሐኪም ይታያል። አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ሁለተኛ፦ ኢሜይሉ

ኢሜይል የሌሎቹ ሁሉ መክፈቻ ነው፤ የማንኛውም አካውንት የይለፍ ቃል ሲረሳ መቀየሪያው የሚላከው ወደዚያ ነው። ጉግልን ለምሳሌ ልውሰድ፤ አብዛኛው አንድሮይድ ተጠቃሚ ፎቶውን፣ የስልክ ማውጫውንና በክሮም ያስቀመጣቸውን የይለፍ ቃሎች በሙሉ የያዘው በዚያ ነውና።

መጀመሪያ የጂሜሉን አድራሻ በትክክል ጻፉ። ብዙ ሰው ስልክ ሲገዛ ሻጩ የከፈተለትን ኢሜይል ነው የሚጠቀመው፤ አድራሻውንም የይለፍ ቃሉንም አያውቀውም። እንዲህ ከሆነ ስልኩ አሁን ክፍት እያለ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ አድራሻውን እዩት፤ የይለፍ ቃሉን ቀይሩት፤ መልሶ ማግኛው ስልክ ቁጥር የናንተ መሆኑንም አረጋግጡ።

ቀጥሎ በሁለት ደረጃ ማረጋገጫው (ከይለፍ ቃሉ ሌላ ተጨማሪ ኮድ በሚጠይቀው) ገጽ ላይ ባክአፕ ኮድስ የሚለውን ክፈቱ። ጉግል እያንዳንዳቸው ስምንት አሃዝ ያላቸው 10 ቁጥሮች ይሰጣል። ስልኩ ቢጠፋ እንኳ በአንዱ መግባት ይቻላል፤ እያንዳንዱ የሚያገለግለው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። አትሙት ወይም በእጅ ገልብጡት። ከይለፍ ቃል ቀጥሎ ለትዳር አጋራችሁ የምትተዉት ትልቁ ነገር ይህ ቁራጭ ወረቀት ነው።

ከዚያ ኢንአክቲቭ አካውንት ማናጀር የሚባለውን አስተካክሉ። አካውንቱ ለ3፣ ለ6፣ ለ12 ወይም ለ18 ወር ሳይነካ ቢቆይ ጉግል እናንተ ለመረጣችኋቸው ሰዎች መልእክት ይልካል፤ የፈቀዳችሁትን ፎቶና ፋይልም እንዲያወርዱ ያደርጋል። እስከ 10 ሰው መመዝገብ ይቻላል። ባለቤታችሁንና አንድ ሌላ ሰው አስገቡ። ይህ ግን መጠባበቂያ መሆኑን አትርሱ። አጭሩ ጊዜ 3 ወር ነው፤ የሆስፒታል ክፍያ ወይም የቀብር ወጪ 3 ወር አይጠብቅም። ጉግል 2 ዓመት ሙሉ ያልተነካን የግል አካውንት ከነይዘቱ ሊሰርዝ እንደሚችልም እወቁ፤ የሟች ፎቶ እዚያ እንዳለ ታምኖ መተው አደገኛ ነው።

አይፎን ላይ ያለው ተመሳሳይ ነገር ሌጋሲ ኮንታክት ይባላል። ከአይኦኤስ 15.2 ጀምሮ አለ፤ እስከ አምስት ሰው ይመዘገባል። የተመዘገበው ሰው ልዩ ቁልፍ ይሰጠዋል፤ እሱን ከሞት ምስክር ወረቀት ጋር ለአፕል ሲያቀርብ ፎቶና ፋይሉን ያገኛል። ቁልፉን ዛሬ አትማችሁ ፖስታው ውስጥ ክተቱት። ሁለት ድክመት አለው፤ በሕመም ጊዜ አያገለግልም፣ የተቀመጡ የይለፍ ቃሎችንም አያስረክብም።

ቴሌግራምን ለብቻው ማንሳት አለብኝ። እኛ ዘንድ ሴቭድ ሜሴጅስ የሚለው ቦታ የብዙ ሰው የሰነድ ካዝና ሆኗል፤ የዲግሪ ኮፒ፣ የመታወቂያ ፎቶ፣ የውል ስካን ሁሉ እዚያ ይወረወራል። ለጊዜው ይመቻል። ይሁን እንጂ ቴሌግራም ለተወሰነ ወር ያልተከፈተን አካውንት ከነይዘቱ ይሰርዛል። ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ ውስጥ ገብታችሁ ወደታች ስትወርዱ "ኢፍ አዌይ ፎር" የሚል መስመር አለ፤ ረጅሙን ጊዜ ምረጡ። ዋናው ግን ሰነዱን ከዚያ አውጥቶ ሌላ ቦታ ማስቀመጥ ነው። ዋትስአፕም እንዲሁ 120 ቀን ያልተጠቀሙበትን አካውንት ይሰርዛል።

ሦስተኛ፦ የይለፍ ቃሎች

ሁለት መንገድ አለ፤ ሁለቱም ያስኬዳል። አንዱ የይለፍ ቃል ማስቀመጫ አፕ ነው። ቢትዋርደን በነፃው አገልግሎቱ ለአንድ ቤት ከበቂ በላይ ነው፤ በክፍያው ደግሞ የአደጋ ጊዜ መግቢያ የሚባል አለው፤ ባለቤታችሁ መግባት ሲጠይቅ እናንተ ያስቀመጣችሁት የጥበቃ ቀን እስኪያልፍ ካልከለከላችሁት ይከፈትለታል። ኢንተርኔት የማያስፈልገው ኪፓስኤክስሲም ጥሩ ነው። አፑን ከመረጣችሁ የሚጻፈው ዋናው የይለፍ ቃል ብቻ ይሆናል።

ሁለተኛው መንገድ ደብተር ነው። ብዙ የኮምፒውተር ባለሙያ "በወረቀት አትጻፉ" ይላል፤ ይህ ምክር ለቢሮ ነው የሚሠራው። ቤት ውስጥ በሚቆለፍ መሳቢያ የተቀመጠን ደብተር ከሩቅ አገር ያለ ሌባ ሊሰርቀው አይችልም፤ ስልክ ብዙም ለማይነካ ባል ወይም ሚስት ደግሞ ከየትኛውም አፕ ይቀላል። ሳትጽፉ ቀርታችሁ ሁሉም ነገር ከሚቆለፍ ደብተሩ በብዙ ይሻላል። ማድረግ የሌለባችሁ የደብተሩን ገጽ ፎቶ አንስቶ ስልክ ላይ ማስቀመጥ ወይም በቴሌግራም መላክ ነው።

አራተኛ፦ ሰነዶቹን መሰብሰብ

እዚህ ላይ "ሁሉንም ሰነድ" የሚል ሰው አይጨርስም። ቢጠፋ ለማስወጣት ወራት የሚፈጅ ወይም ንብረት የሚያሳጣ ሰነድ ይቅደም፦ የጋብቻ ምስክር ወረቀት፣ የልጆች የልደት ምስክር ወረቀት፣ የቤት ካርታ ወይም የኮንዶሚኒየም ውል፣ የመኪና ሊብሬና የኢንሹራንስ ፖሊሲ፣ የአክሲዮን ሰርተፍኬት፣ የባንክ ብድር ውል፣ ፓስፖርት፣ የፋይዳ ካርድ፣ የንግድ ፈቃድና ቲን ቁጥር፣ የጡረታ መለያ ቁጥር፣ የትምህርት ማስረጃ። ቀጥሎ ማንም ስካን የማያደርገው ነገር አለ፤ ከሰው ጋር የተደረገ የብድር ስምምነት፣ የዕቁብ ደብተር፣ የዕድር የመዋጮ ካርድ፣ ለቤት ሠሪ የተከፈለ ቀብድ ደረሰኝ። ኋላ ክርክር የሚያስነሱት እነዚህ ናቸው።

ስካኑን ፎቶ ኮፒ ቤት አታስደርጉ። ፋይሉ እዚያ ኮምፒውተር ላይ ይቀራል፤ ፍላሻችሁም ቫይረስ ይዞ ይመለሳል። የጉግል ድራይቭ አፕ ወይም የአይፎን ኖትስ ውስጥ ያለው ስካነር ጥርት ያለ ፒዲኤፍ ያወጣል። ወረቀቱን በቀን ብርሃን መስኮት አጠገብ ጠረጴዛ ላይ ዘርጉት፤ ጥላችሁ እንዳያርፍበት ከጎን ቁሙ። ክብ ማኅተሙና ፊርማው መነበባቸውን አጉልታችሁ እዩ። የካርታውን ጀርባ አትርሱ፤ የዕዳ እገዳና የስም ዝውውር ብዙ ጊዜ የሚጻፈው እዚያ ነው።

ኮምፒውተር ላይ የቆዩ የአማርኛ ጽሑፎች ካሏችሁ ደግሞ ይህን ልብ በሉ። ከዓመታት በፊት በፓወር ግዕዝ ወይም በቪዥዋል ግዕዝ የተተየበ ውል ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደልና ምልክት ሆኖ ነው የሚታየው። ፎንቱ አሁንም የሚሠራበት ኮምፒውተር እያለ ፒዲኤፍ አድርጋችሁ አውጡት።

የፋይል ስም ሁለታችሁም የምትረዱት ይሁን። "ስካን 0047" ለማንም አይነግርም። "የቤት ካርታ ዋናው መሳቢያ ውስጥ 2016" ብላችሁ ብትጽፉ ስሙ ራሱ ዋናው ወረቀት የት እንዳለ ይጠቁማል። ዓመተ ምሕረቱን በኢትዮጵያ ወይም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከመጻፋችሁ በፊት ወስኑና በአንዱ ጽኑ፤ ሁለቱ ከተደባለቁ የትኛው ውል እንደሚቀድም አይታወቅም።

አምስተኛ፦ ሦስት ቅጂ በሦስት ቦታ

አንዱ ቤት ያለ ሃርድ ዲስክ ወይም ፍላሽ፣ ሁለተኛው ከቤት ውጭ ያለ ፍላሽ፣ ሦስተኛው ኢንተርኔት ላይ ያለ እንደ ጉግል ድራይቭ ዓይነት ማስቀመጫ። ለምን ኢንተርኔቱ ብቻ አይበቃም? በትግራይ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ፣ በአማራ ክልል ደግሞ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ሲቋረጥ ሰነዳቸው ድራይቭ ላይ ብቻ የነበረ ሰዎች ከመታወቂያ ፎቷቸው ጋር እንኳ ተለያይተዋል። ለምን ፍላሹ ብቻ አይበቃም? ቤት ይቃጠላል፣ ይዘረፋል፣ ፍላሽም ዓመታት ሳይሰካ ሲቀመጥ መረጃ ይጥላል።

ፍላሽ ስትገዙ በርካሽ የሚሸጠውን "2 ቴራ" አትመኑ፤ ትንሽ ሆኖ ትልቅ መስሎ እንዲታይ የተደረገ አለ፤ የገለበጣችሁት ያለ ይመስላል፣ ሲከፈት ባዶ ነው። ለሰነድ 32 ጊጋ ይበቃል። ዊንዶውስም ማክም እንዲያነቡት ኤክስፋት በሚባለው ፎርማት አድርጉት። ከገለበጣችሁ በኋላ ነቅላችሁ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሰክታችሁ ሁለት ሦስት ፋይል ክፈቱ።

መቆለፍን በተመለከተ ያለኝ አቋም ከብዙዎች ይለያል፦ ሚስጥር ያልሆነውን አትቆልፉ። የልደት ምስክር ወረቀትና የክትባት ካርድ ቢታይ የሚመጣ ትልቅ ጉዳት የለም፤ በጭንቅ ቀን ግን እያንዳንዱ ተጨማሪ የይለፍ ቃል አንድ ተጨማሪ እንቅፋት ነው። ፓስፖርት፣ የቤት ካርታ፣ የባንክ ወረቀትና የይለፍ ቃል ዝርዝር ያለበትን ፎልደር ብቻ ሰቨን ዚፕ በሚባለው የፋይል መቆለፊያ ፕሮግራም ጠንካራ የይለፍ ቃል ሰጥታችሁ ቆልፉ። ከቤት ውጭ የምታስቀምጡትን በተመለከተ አንድ ሕግ ይኑራችሁ፤ ፍላሹን የያዘው ሰው ቁልፉን አይያዝ። ፍላሹ እህት ጋ ከሆነ የይለፍ ቃሉ ያለበት ፖስታ የክርስትና አባት ወይም ሚዜ ጋ ይሁን።

ላፕቶፑን አትርሱት። ዊንዶውስ 11 ያላቸው ብዙ ላፕቶፖች ዲስኩን ራሳቸው ይቆልፋሉ፤ ዲስኩ ተነቅሎ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ቢሰካ አይነበብም። መክፈቻው 48 አሃዝ ያለው የቢትሎከር ቁልፍ ነው፤ ላፕቶፑ ሲከፈት በተጠቀማችሁበት የማይክሮሶፍት አካውንት ውስጥ ይገኛል። ፈልጋችሁ አትሙት።

ስድስተኛ፦ አንዷ ወረቀት

ይህ ሁሉ ተዘጋጅቶ የት እንዳለ የሚናገር ወረቀት ከሌለ ዋጋ የለውም። አንድ ገጽ፣ በእጅ የተጻፈ፣ በአማርኛ። ለባለሙያ እንደሚጻፍ ሳይሆን እንቅልፍ ላጣና ላዘነ ሰው እንደሚነገር ጻፉት። ለምሳሌ ባል ለሚስቱ እንዲህ ሊጽፍ ይችላል፦

"መጀመሪያ ለወንድሜ ደውዪ፤ ፍላሹ እሱ ጋ ነው። ስልኬ በስድስት ቁጥር ይከፈታል፤ ቁጥሩ ከታች አለ። የሲሙ ፒን ሌላ ነው፤ አታደባልቂው። ሲሙን ጉዳዩ ሁሉ እስኪያልቅ አታዘጊ። ጂሜሌ ኮድ ከጠየቀሽ ፖስታው ውስጥ ካሉት አሥር ቁጥሮች አንዱን አስገቢ፣ የተጠቀምሽበትን ሰርዢው። ደመወዜ የሚገባበት ባንክ አንድ ነው፣ የልጆቹ ቁጠባ ያለበት ሌላ ነው፤ የሁለቱም የሂሳብ ቁጥር ከታች አለ። ዕቁቡ ገና አልደረሰኝም፤ ዳኛው ጎረቤታችን ናቸው። ለአጎትሽ ልጅ ያበደርኩት አለ፤ ውሉ 'ብድር' የሚለው ፎልደር ውስጥ ነው። እኔ የምከፍለው ዕዳ የመኪናው ብቻ ነው፤ ሌላ አለብህ የሚል ቢመጣ ማስረጃ ጠይቂ።"

የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ከብዙ የይለፍ ቃል ትበልጣለች። ከሞት በኋላ "ገንዘብ አለብኝ ብሎ ነበር" የሚል ሰው ይመጣል፤ ያለውንና የሌለውን ዕዳ በግልጽ መጻፍ ለቀሪው ትልቅ ጋሻ ነው።

እንደ ቢትኮይን ያለ ዲጂታል ገንዘብ ያለው ሰው ካለ 12ቱ ወይም 24ቱ የመልሶ ማግኛ ቃላት በወረቀት እዚሁ ፖስታ ውስጥ ይግቡ። እነሱ ከጠፉ የሚመልስ ድርጅትም ፍርድ ቤትም የለም።

ሰባተኛ፦ ቁጥሩን ማወቅ ንብረቱን መውረስ አይደለም

ይህን ክፍል ዝለሉት የምትሉ እንዳትኖሩ። ባለቤቱ ካረፈ በኋላ በሞባይል ባንኪንግ ፒኑ ገንዘብ ማዘዋወር ቀላል ይመስላል፤ ግን ሂሳቡ ውስጥ የሌሎች ወራሾች ድርሻ አለ፤ ኋላ "ገንዘብ አሸሽታለች" የሚል ክስ ያመጣል። የባንክ መረጃ የምትተዉት ምን፣ የት እንዳለ እንዲታወቅ ነው። ገንዘቡ የሚወጣው በሞት ምስክር ወረቀትና ከፍርድ ቤት በሚወጣ የወራሽነት ማስረጃ ነው። ለአስቸኳይ የቤት ወጪ በሕይወት እያላችሁ የጋራ ሂሳብ ክፈቱ፤ አንዳችሁ ብቻችሁን ማውጣት እንድትችሉ ሆኖ እንዲከፈት ባንኩን ጠይቁ።

ውክልናም ብዙ ሰው ያሳስታል። ከሰነዶች ማረጋገጫ የወጣ ጠቅላላ ውክልና ወካዩ ውጭ አገር ሳለ ይሠራል፤ ሲሞት ግን ውክልናው ይቋረጣል። "ውክልና አለኝ" ብላችሁ አትተማመኑ።

ከሁሉ የሚያስደነግጠው ይህ ነው፤ በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት ያለ ኑዛዜ የሞተ ሰው ባል ወይም ሚስት ከሕግ ወራሾች ዝርዝር ውስጥ የለችም። የምታገኘው ከጋራ ንብረቱ ግማሽ ድርሻዋን ነው። በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ በአንዱ ስም የተመዘገበ ንብረትም የግል መሆኑ ካልተረጋገጠ የጋራ እንደሆነ ይገመታል፤ ይህ አዋጅ የሚሠራው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ሲሆን ክልሎች የራሳቸው የቤተሰብ ሕግ ሊኖራቸው ይችላል። ስለዚህ የጋብቻ ምስክር ወረቀቱና ንብረቱ የተገዛበትን ቀን የሚያሳይ ውል ከማህደሩ ሁሉ በላይ ናቸው።

ለትዳር አጋራችሁ ከዚያ በላይ መተው ከፈለጋችሁ ኑዛዜ ያስፈልጋል፤ ኮምፒውተር ላይ ተጽፎ ፍላሽ ውስጥ የተቀመጠ ፋይል ደግሞ ኑዛዜ አይሆንም። ተናዛዡ ለብቻው የሚጽፈው ኑዛዜ ሙሉ በሙሉ በእጁ የተጻፈ፣ ኑዛዜ መሆኑን በግልጽ የሚናገር፣ በየገጹ ቀንና ፊርማ ያለበት መሆን አለበት። በተጻፈ በ7 ዓመት ውስጥም በውል አዋዋይ ወይም በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ካልተቀመጠ ዋጋ ያጣል። በግልጽ የሚደረገው ኑዛዜ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት ይነበባል፤ ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም ውል አዋዋይ ከሆነ ሁለት ምስክር ይበቃል። ማህደሩ ውስጥ የኑዛዜውን ስካን አስቀምጡ፤ ስሙ ላይ ዋናው የት እንዳለ ጻፉ።

ውጭ አገር ላላችሁ

አሜሪካ ያላችሁ የጡረታ ሂሳብና የሕይወት ኢንሹራንስ ላይ ተጠቃሚ ብላችሁ የጻፋችሁትን ስም ዛሬ እዩት። ከጋብቻ በፊት የሞላችሁት ከሆነ የእናት ወይም የእህት ስም ሊሆን ይችላል። በአብዛኞቹ ግዛቶች በሚሠራው የዲጂታል ንብረት ሕግ መሠረት እንደ ጉግል ባለው አገልግሎት ውስጥ ራሳችሁ የመረጣችሁት ሰው ኑዛዜ ላይ ከተጻፈው ይቀድማል፤ ሁለቱ እንዳይጋጩ አድርጉ።

ሳዑዲ፣ ኤምሬትስ ወይም ሌላ የገልፍ አገር የምትሠሩ የፓስፖርት፣ የመኖሪያ ፈቃድና የሥራ ውል ስካን፣ የአሠሪያችሁን ስልክና የቤቱን አድራሻ አገር ቤት ላለው ባለቤታችሁ አሁኑኑ ላኩ። ሥራውን ጨርሳችሁ ጠቅልላችሁ ስትወጡ ያገሩ ሲም ይዘጋል፤ ሲሙ ከመዘጋቱ በፊት የቴሌግራሙንና የኢሜይሉን ስልክ ቁጥር ወደ አገር ቤት ቁጥር ቀይሩ።

ስምንተኛ፦ ሙከራው

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ለባለቤታችሁ ወረቀቱን ብቻ ስጡና ከጎን ተቀመጡ። ስልኩ ጠፍቶ ይብራ፣ ይከፈት። ጂሜሉ በሌላ ኮምፒውተር ላይ በባክአፕ ኮዱ ይከፈት። ፍላሹ ተሰክቶ የቤቱ ካርታ ይገኝ። እናንተ አትናገሩ፤ የት እንደሚያመነታ ብቻ እዩ። ብዙ ጊዜ የሚያደናቅፈው ጥቃቅን ነገር ነው፤ ዜሮና ኦ የምትባለው የእንግሊዝኛ ፊደል ተመሳስለው ተጽፈዋል፣ ትልቁ ፊደል ከትንሹ አይለይም፣ ኪቦርዱ አማርኛ ላይ እንደሆነ አልታየም፣ የተቆለፈውን ፎልደር የሚከፍተው ሰቨን ዚፕ የእሱ ኮምፒውተር ላይ አልተጫነም። ያመነታበትን ቦታ ሁሉ ወረቀቱ ላይ በእሱ ቃል እንዲጽፈው አድርጉ። ከዚያ ቦታ ተለዋወጡና የእሱን ማህደር እናንተ ሞክሩ።

ስልክ ስትቀይሩ፣ ባንክ ስትጨምሩ፣ ልጅ ሲወለድ ወረቀቱ ይታደስ፤ ምንም ባይለወጥም በዓመት አንዴ የመኪናውን ቦሎ ወይም የንግድ ፈቃዱን ስታሳድሱ አብራችሁ እዩት፤ ፍላሾቹንም ሰክታችሁ አስነብቡ። አዲሱ ወረቀት ላይ ቀን ጻፉበት። አሮጌውን ከቤትም፣ ፖስታውን ከያዘው ሰው ዘንድም ሰብስባችሁ ቅደዱት፤ ሁለት የተለያየ ቁጥር የያዘ ሰው ሦስቱን የሲም ሙከራ በተሳሳተው ሊጨርሰው ይችላል።